ጠባብ ክፍል፣ ትንሽ ባጀት፦ የፍራንክፈርት ኩሽና

ኩሽናውን ለማደስ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከካቢኔት ነው። ቀለሙ ምን ይሁን፣ እጀታው ምን ይምሰል፣ ላዩ ድንጋይ ይሁን እንጨት? ቀጥሎ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይደነግጣል፣ የሚቀነስ ነገር ፍለጋ ይገባል። እዚህ የማነሳው ጉዳይ ከሌላኛው ጫፍ የጀመረ ነው። ገንዘቡ ትንሽ፣ ቦታው ጠባብ፣ ኩሽናው የሚሰራው ደግሞ ለሺዎች። ስለዚህ አናጢ ከመጠራቱ በፊት ብዙ የተለፋው ወረቀት ላይ ነበር።

ጉዳዩ የፍራንክፈርት ኩሽና ነው። ከ1926 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት በጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ተገጥሟል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ ፋብሪካ አምርቶ ቤት ድረስ መጥቶ የሚገጥመው ኩሽና ቅድመ አያቱ ይሄ ነው። ሲወራ ግን የሚወራው ስለ ውበቱና ስለ ታሪኩ ነው። እኔን የሚስበኝ ሂሳቡ ነው። የት ቆጠቡ? የት አልቆጠቡም? የቱ ቁጠባ አዋጣ፣ የቱስ በኋላ አስከፈለ?

ነገሩ የተጀመረበት ሁኔታ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ከባድ የቤት እጥረት ውስጥ ነበረች። በ1923 የዋጋ ንረቱ ጣሪያ ነክቶ የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋ አጣ። ንረቱ ከበረደ በኋላ፣ በ1925፣ ፍራንክፈርት ኤርነስት ማይ የተባለ አርክቴክት የከተማዋ ግንባታ ኃላፊ አድርጋ ሾመች። የተሰጠው ስራ ግልጽ ነበር፤ በአጭር ጊዜ፣ በርካሽ፣ ብዙ ቤት።

ማይ በ1926 ማርጋሬቴ ሊሆትስኪ የተባለች አርክቴክት ከቪየና አስመጣ። ያኔ 29 ዓመቷ ነበር። በኦስትሪያ አርክቴክቸር ከተማሩ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። በዓመቱ የስራ ባልደረባዋን ቪልሄልም ሹተን አግብታ ሹተ-ሊሆትስኪ ተባለች፤ ታሪክም የሚያውቃት በዚህ ስም ነው።

የሚገርመው፣ ሴትየዋ ምግብ አብስላ አታውቅም ነበር። ራሷ በእድሜዋ መጨረሻ ላይ በግልጽ ተናግራዋለች። ኩሽናውን ከመንደፏ በፊት ቤት አስተዳድራ አታውቅም፣ ስለ ማብሰልም የምታውቀው ነገር አልነበራትም። ስለዚህ ወደ ስራው የገባችው "እኔ ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው" ከሚል ልማድ ነጻ ሆና ነው። ይሄ በአንድ በኩል ጠቅሟታል። በሌላ በኩል ደግሞ ምን እንዳመጣ ወደ ኋላ ላይ ይታያል።

በዚያ ዘመን የሰራተኛ ቤተሰብ ኩሽና ለብቻው የተለየ ክፍል አልነበረም። በአንድ ሰፊ ክፍል ይበሰላል፣ ይበላል፣ ገላ ይታጠባል፣ አንዳንዴም ይተኛል። ምድጃው ምግቡንም ያበስላል፣ ቤቱንም ያሞቃል። ሌላ ክፍል ካለ ለእንግዳ ተብሎ ተዘግቶ የሚቀመጥ ነው። እቃው የተለቃቀመ ነበር። እዚህ አንድ ቁምሳጥን፣ እዚያ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ማጠቢያ። አብሳይዋ በመሃላቸው ስትመላለስ ትውላለች።

ከካቢኔቱ በፊት

አሜሪካዊቷ ክርስቲን ፍሬድሪክ የፋብሪካ ስራን በሰዓት እየለኩ የማቀላጠፍን ዘዴ ወደ ቤት ውስጥ ስራ ያመጣች ሰው ነበረች። ዘዴው የአሜሪካዊው መሐንዲስ የፍሬድሪክ ቴይለር ነው። ቴይለር ሰራተኛው እጁን የት እንደሚያንቀሳቅስ፣ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት እያጠና ትርፍ እንቅስቃሴን ይቀንስ ነበር። የክርስቲን ፍሬድሪክ መጽሐፍ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጀርመንኛ ወጣ። ሊሆትስኪም አንብባዋለች።

ከዚያ ሰዓት ይዛ መለካት ጀመረች። እቃ ማጠብ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከምድጃ እስከ ማጠቢያ ስንት እርምጃ አለ? ምግቡ ጠረጴዛ እስኪደርስ ሰው ስንት ጊዜ ይመላለሳል? የአሮጌውን ኩሽናና የአዲሱን ፕላን ጎን ለጎን ሳለች፤ በላያቸው ላይም የአብሳይዋን መንገድ በመስመር አሰመረች። በአሮጌው ላይ መስመሩ እንደተወሳሰበ ክር ነው። በአዲሱ ላይ አጭርና ንጹህ ነው።

ሌላው ምንጯ ባቡር ነበር። የባቡር ምግብ ቤት ኩሽና ሁለት ሰው እንኳ በቅጡ የማያስተላልፍ ጠባብ ቦታ ነው፤ ግን ብዙ ተሳፋሪ ይመግባል። ሚስጥሩ ስፋቱ ውስጥ አልነበረም። ሁሉም ነገር እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ በስራው ቅደም ተከተል መቀመጡ ላይ ነበር።

በዚህ ሁሉ ልፋት ውስጥ ያለው ወጪ የአንድ ባለሙያ ጊዜ ብቻ ነው። ገና አንድ ጣውላ አልተቆረጠም። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ያለቀለትን ሲንክ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ብዙ ያስከፍላል፤ ወረቀት ላይ በላጲስ ማጥፋት ግን ምንም አያስከፍልም።

ምን ተሰራ?

ክፍሉ በወርድ 1.9 ሜትር፣ በርዝመት 3.4 ሜትር ገደማ ነው። ስድስት ካሬ ሜትር ተኩል አይሞላም። መስኮቱ በጠባቡ ግድግዳ ላይ ነው፤ የስራ ጠረጴዛው የቀን ብርሃን እንዲያገኝ በመስኮቱ ስር ሆነ። ምድጃው በአንዱ ረጅም ግድግዳ፣ ማጠቢያው በሌላው። ወደ ሳሎን የሚወስደው ተንሸራታች በር ነው፤ ስለዚህ ሲከፈት ቦታ አይበላም። ከምድጃው እስከ ምግብ ጠረጴዛው ያለው ርቀት ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ታስቦ ነው የተሰራው። እናት ልጇ ሳሎን ሲጫወት ከኩሽና ሆና በበሩ ታየዋለች።

ከጠረጴዛው ፊት ከፍና ዝቅ የሚል ተሽከርካሪ በርጩማ አለ። አትክልት ለመላጥ፣ ለመክተፍ ለምን ይቆማል? ይቀመጣል እንጂ። ይሄ ዛሬም ብዙ ኩሽና ውስጥ ያልገባ ሀሳብ ነው። ውድ በሆነ ድንጋይ የተሸፈነ ኩሽና ተሰርቶ ባለቤቱ ሽንኩርት ለመላጥ ሳሎን ሄዶ ይቀመጣል።

ጠረጴዛው ላይ ለቆሻሻ የሚሆን መሳቢያ ገብቶበታል። የተከተፈበትን ልጣጭ ጠራርጎ ወደ ውስጡ መጣል ነው፤ ሲሞላ አውጥቶ መድፋት። የታጠበው ሳህን መደርደሪያው ላይ ራሱ እየተንጠፈጠፈ ስለሚደርቅ በፎጣ የማድረቅ ስራ ቀረ። ልብስ በካውያ የሚተኮስበት ጣውላ ከግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ሲያበቃ ተመልሶ ይታጠፋል። መብራቱ ከኮርኒሱ ስር በሀዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ ስራው ወዳለበት ይሳባል። አንድ አምፖል የሁለት አምፖል ስራ ሰራ።

ካቢኔቶቹ እስከ ላይ ድረስ ይደርሳሉ ወይም ላያቸው ይዘጋል፤ አቧራ የሚጠራቀምበት ቦታ እንዳይኖር። ከስር ያለው መሰረታቸው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ የቆመ ሰው የእግሩ ጣቶች እንዳይጋጩ። ሁለቱንም ዛሬ ማንኛውም አናጢ ሳይጠየቅ ይሰራቸዋል።

በቁሳቁሱ ላይ ያለው ጥንቃቄ ደግሞ የበለጠ ያስደስታል። የዱቄት መሳቢያው ከኦክ እንጨት ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነቀዝን ያርቃል ተብሎ። መክተፊያው ከቢች እንጨት ነው፤ ቢላ በቀላሉ አይጎዳውም፣ እድፍም አይይዘውም። ቀለሙ ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነው ዝንብ ሰማያዊ ላይ ማረፍ አትወድም ስለተባለ ነው። ስኳርና ሩዝን ለመሰለ ደረቅ እህል ደግሞ የአሉሚኒየም ትንንሽ መሳቢያዎች ተደረደሩ። ጫፋቸው እንደ ማፍሰሻ ስለሆነ መዝዞ በቀጥታ ድስት ውስጥ መገልበጥ ይቻላል። በእያንዳንዱ ላይ የውስጡ ስም ተጽፎበታል።

አስተውሉ፣ ሁሉም ቦታ ላይ ጥሩ እንጨት አልተደረገም። ኦክ ዱቄት ባለበት ብቻ፣ ቢች ቢላ በሚያርፍበት ብቻ። የቀረው ቀለም የተቀባ ተራ ጣውላ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

የአንዱ ኩሽና ዋጋ ጥቂት መቶ ማርክ (የያኔው የጀርመን ገንዘብ) ነበር። ለአንድ ሰራተኛ ቤተሰብ በአንዴ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። ከተማዋ ግን ነገሩን በሦስት መንገድ አቀለለችው።

አንደኛ፣ ኩሽናው እንደ ቤት እቃ ሳይሆን እንደ ህንጻው አካል ተቆጠረ። ወጪው ከግንባታው ጋር ገብቶ በኪራይ ላይ ተከፋፈለ። በኪራዩ ላይ የጨመረው በወር አንድ ማርክ ገደማ እንደነበር ይነገራል። ተከራዩ ባዶ ቤት ተረክቦ ቁምሳጥን ፍለጋ ከመዞር ዳነ። ሁለተኛ፣ በሺዎች የሚቆጠር አንድ አይነት እቃ ሲታዘዝ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ክፍሉ በማነሱ የግንባታ ወጪ ቀነሰ። ያነሰ ወለል፣ ያነሰ ግድግዳ፣ ያነሰ ጣሪያ ነው። ከስፋቱ የተቆጠበው ገንዘብ ወደ እቃው ዞረ። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን ነው የምናደርገው። መጀመሪያ ክፍሉን ሰፋ አድርገን እንሰራለን፤ እቃ መግዣው ሲደርስ ኪሳችን ባዶ ይሆናል።

ለአቅምም ደረጃ ወጥቶለት ነበር። ብዙውን ቤት የያዘውና የታወቀው ትንሹ፣ አንደኛው አይነት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ጠረጴዛ ያስገባሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ረዳት ላለው ቤት የታሰቡ ናቸው። ሀሳቡ ግን በሦስቱም አንድ ነው። ባጀቱ ሲጨምር የተጨመረው ለሰው የሚሆን ቦታ ነው።

ሰዎቹ ሲገቡስ?

እዚህ ላይ ታሪኩ ይወሳሰባል። በወረቀት ያማረው ነገር ቤት ውስጥ ብዙ ቅሬታ አስነሳ።

የመጀመሪያው ጥበቱ ነው። ኩሽናው የተለካው ለአንድ ሰው ነበር። ባል ልርዳ ቢል፣ ልጅ ቢገባ፣ እህት ብትመጣ መተላለፊያ የለም። መብላትም አይቻልም። ለትውልድ ኩሽና ውስጥ ተሰብስቦ መዋል የለመደ ቤተሰብ አብሳይዋን ለብቻዋ አንድ ጥግ አስገብቶ በሩን ዘጋባት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ኩሽናውን አጥብቀው የነቀፉት በዚህ ነው። ድካሟን ሊቀንስ የመጣ ንድፍ ብቸኝነቷን ጨመረ አሉ። ንድፍ አውጪዋ ደግሞ ስራዋ በፍጥነት አልቆላት ሌላ ህይወት እንዲኖራት ነበር ያሰበችው። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ስም የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ናቸው። ንድፉ ሩዝ ያለበትን ቦታ ወስኗል፤ ቤተሰቡ ግን ሩዝ ላይወድ ይችላል። ብዙዎች በስሙ ሌላ ነገር ከተቱበት ወይም ባዶውን ተዉት። መሳቢያዎቹ ዝቅ ስላሉ ህጻን ልጅ በቀላሉ እየመዘዘ ይገለብጣቸዋል። ንድፉ ላይ እናት ልጇን በበር በኩል እያየች ታበስላለች። ልጁ ራሱ ኩሽና ገብቶ ስኳሩን ሲገለብጥ ግን አልታየም። አብስሎ የማያውቅ ሰው የሚስተው እንዲህ ያለውን ነው። ለነገሩ ከገቡት ሰዎች ጥቂቶቹ ቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ የሚገኝ መልስ ነበር።

ሦስተኛው በየወሩ የሚመጣው ወጪ ነው። ከሰፈሮቹ አንዱ ሮመርሽታት ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሰራ ሆነ፤ ለጀርመን አዲስ ነገር ነበር። ዘመናዊ ነው፣ ንጹህ ነው፤ ግን ኤሌክትሪኩ ውድ ነበርና ተከራዮቹ አማረሩ። ኪራዩም ቢሆን ለብዙ ሰራተኛ ከአቅም በላይ ነበር። በመጨረሻ ቤቶቹን የያዙት በአብዛኛው የቢሮ ሰራተኞችና ደህና ደመወዝ ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው። የመግጠሚያ ወጪ በጥንቃቄ ሲሰላ የመጠቀሚያ ወጪው ተረስቷል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙዎቹ ኩሽናዎች በእድሳት እየተነቀሉ ተጣሉ። የተረፉት ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። አንዱ በፍራንክፈርት ኤርነስት ማይ ቤት ታድሶ ይታያል፤ ሌላው ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሹተ-ሊሆትስኪ ናዚዎችን ተቃውማ ታስራ፣ ተፈትታ፣ 103 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በ2000 አረፈች። ሰው ሁሉ ስለ ኩሽናው ብቻ ሲጠይቃት ይሰለቻት ነበር። በሙያዋ ሌላ ብዙ ነገር ሰርታለች።

ዛሬ ኩሽና ለሚያድስ ሰው

በቅድሚያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ልኩን እንዳለ አትቅዱ። የዛሬ ካቢኔትና ምድጃ ወደ ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1.9 ሜትር ወርድ ግራና ቀኝ ቢደረደር መሃል ላይ የሚቀረው 70 ሳንቲ ሜትር ነው። የምድጃው በር ሲከፈት መቆሚያ የለም። አሁን በስፋት የሚሰራበት መመሪያ ለአንድ አብሳይ 107፣ ለሁለት ሰው 122 ሳንቲ ሜትር ያህል መተላለፊያ ይላል። ክፍላችሁ የዚያን ያህል ጠባብ ከሆነ ካቢኔቱን በአንድ ግድግዳ ብቻ አድርጉ፤ በሌላው ላይ ስስ መደርደሪያ ይበቃል።

ገንዘብ ጨርሶ ከሌለ ሊሆትስኪ ያደረገችውን የመጀመሪያ ስራ ማድረግ ይቻላል። የኩሽናችሁን ፕላን ወረቀት ላይ ሳሉ። አንድ ሙሉ ምግብ ስታበስሉ ሌላ ሰው እግራችሁን እየተከተለ መስመር ያስምር። መስመሩ ደጋግሞ የሚያልፍበት ቦታ ችግሩ ያለበት ነው። ብዙውን ጊዜ መፍትሄው እቃ ማዛወር ብቻ ነው። ድስቱ ምድጃው አጠገብ፣ ሳህኑ ማጠቢያው አጠገብ፣ በዓመት አንዴ የሚወጣው ትልቅ እቃ ላይኛው መደርደሪያ። ትንሽ ሳንቲም ካለች መብራት ላይ ትዋል። መብራት ከጀርባችሁ ከሆነ የምትከትፉት ጥላችሁ ውስጥ ነው፤ ከፊት ለፊት፣ ከላይኛው ካቢኔት ስር መሆን አለበት። ቀጥሎ በርጩማ።

መካከለኛ ባጀት ላላቸው ምክሬ ሲንኩን አትንኩት ነው። የፍሳሽ ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እየወረደ መሄድ አለበት። ሲንኩን 3 ሜትር ብታርቁት ቧንቧው 6 ሳንቲ ሜትር መውረጃ ይፈልጋል። ያ ማለት ወይ ወለል መስበር ወይ ወለል ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ ሴራሚኩ ይከተላል፣ ከዚያ ግድግዳው። ለካቢኔት የታሰበው ገንዘብ የማይታይ ቦታ ገብቶ ይቀራል። ይልቅ ሲንኩን ባለበት ትታችሁ ሌላውን በሱ ዙሪያ አደራጁ። የታችኛው ካቢኔት በር ካለው ይልቅ መሳቢያ ቢሆን ይሻላል፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ጎንበስ ብሎ ጨለማ ውስጥ መዳበስ ይቀራል። ጥሩውን ቁስ ሁሉም ቦታ አታድርጉ። ውሃና ቢላ የሚያርፍበት ላይ አውጡ፤ የካቢኔቱ ሆድ ተራ ጣውላ ቢሆን ማን ያየዋል? የስራ ጠረጴዛውን ከፍታ ደግሞ ለራሳችሁ ለኩ። ለቆመ ሰው ከክርኑ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ወገብ አይጎዳም። የተለመደው 90 ሳንቲ ሜትር ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ሰፊ ባጀት ያለው ሰው በብዛት የሚያስበው ግድግዳ ማፍረስ ነው። ኩሽናና ሳሎን ይቀላቀሉ ይባላል። ፍራንክፈርት አብሳይዋን ለብቻ በመዝጋቷ ተተችታለችና ሀሳቡ ይገባኛል። ግን ሽታው፣ ጭሱና የእቃ ኳኳታውም ሳሎን እንደሚገባ አትርሱ። ጭስ ወደ ውጭ የሚያወጣ ጥሩ መሳቢያ ሳይኖር ግድግዳ ማፍረስ ሶፋውን ዘይት ዘይት እንዲሸት ማድረግ ነው። መሃል ላይ ያለው መንገድ የሊሆትስኪ ተንሸራታች በር ነው። ሲፈለግ ይከፈታል፣ ሲጠበስ ይዘጋል። ዋጋውም ከማፍረሱ ጋር አይወዳደርም።

ምድጃ ስትገዙ ደግሞ የመግዣውን ዋጋ ብቻ አትዩ። በወር ስንት ጊዜ እንደምታበስሉ፣ ጋዝ ወይም መብራት ስንት እንደሚወስድ ቀድማችሁ አስሉ። የሮመርሽታት ተከራዮች ይህን ያወቁት ቢል ሲመጣ ነው።

የመጨረሻው ስራ ፕላኑ ካለቀ በኋላ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከመከፈሉ በፊት የሚደረግ ነው። የአዲሱን ካቢኔት ጠርዝ፣ የሲንኩንና የምድጃውን ቦታ ወለሉ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር አስምሩ። የምድጃው በር ሲከፈት የሚደርስበትንም ጭምር። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ፣ ልጆቹም ሳይቀሩ፣ በአንድ ጊዜ ገብተው ይቁሙበት። አንዱ እንዳበሰለ፣ አንዱ እቃ እንዳጠበ፣ አንዱ ውሃ ሊቀዳ እንደመጣ ሆነው ይንቀሳቀሱ። የሚጋጩበት ቦታ ላይ ፕላኑን አስተካክሉና ለአናጢው ስጡት።